ዲግሪን በመያዣነት ለያዘው የሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት

ይድረስ ለሬጅስትራር ጽሕፈት ቤቱ (የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፤ ይህን ሲያነብ ራሱን ያውቃል)፦

ለሁለት ማመልከቻና ለአንድ አቤቱታ መልስ ስላጣሁ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። መቼም መዝገብ ቤት የገባ ደብዳቤ የት እንደሚቀር ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

ጉዳዩ የልጄ ነው። የውሃ ምህንድስና ተምራ፣ የመውጫ ፈተናውን አልፋ ተመርቃለች። የምንኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ እንኳ እኛ ዘንድ አይደርስም ነበር፤ ኮሚቴውም «ግፊቱ ትንሽ ነው» ከማለት አያልፍም። አንድ ቅዳሜ ልጄ ደብተርና ሜትር ይዛ ወረደች። የቧንቧውን ስፋትና የፎቁን ከፍታ ለካች፤ ሮቶው የት ቢቀመጥ፣ ፓምፑ ምን ያህል ጉልበት ቢኖረው ለብሎኩ እንደሚበቃ በአንድ ገጽ ጽፋ ሰጠችን። ጄሪካን ተሸክመን ደረጃ መውጣት ያቆምነው በዚያች ገጽ ነው። ስለዚህ «ዩኒቨርሲቲ ምንም አያስተምርም» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። መምህራኗ ይመስገኑ፤ ጠቤ ከመስኮታችሁ ጋር ነው።

አንድ ድርጅት ፈትኗት አንደኛ ወጣች። ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በአሥር ቀን እንድታቀርብ ተነገራት። እጇ ላይ ያለው ጊዜያዊው ብቻ ነው። ሌሊት ተነሥተን፣ አውቶቡስ ተሳፍረን መጣን።

«መጀመሪያ የወጪ መጋራቱን ክፈሉ።»
«ከምን?»
«ከደመወዟ።»
«የቱ ደመወዝ?»
«ሥራ ስትይዝ።»
«ሥራ ለመያዝ እኮ ዲግሪው ያስፈልጋታል።»
«ዲግሪው ክፍያው ሲጠናቀቅ ይሰጣል።»

ምንም አልጨመርኩበትም። ሠራተኛችሁ ሻይዋን እያማሰለች የተናገረችው ነው።

ደንቡን ለእናንተ ማስተማር ድፍረት ይሆንብኛል። ወጪ መጋራት በ1995 ዓ.ም. በደንብ ሲደነገግ፣ ተመራቂው ሥራ ይዞ ከገቢው እየተቆረጠ እንዲከፍል ታስቦ ነበር። ውሉን ስትፈርም አጠገቧ ነበርኩ፤ ዕዳውን አልካድንም። የመኝታውም የምግቡም ነው። (ስለ ምግቡ ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ ልተወው።) ቀጣሪው ከደመወዟ እየቆረጠ ገቢ እንደሚያደርግ ደብዳቤ ሊጽፍላችሁ ፈቃደኛ ሆኖ ሳለ፣ «እንዲህ ያለ አሠራር የለንም» አላችሁ። በሬውን በረቱ አስሮ «አርሰህ ክፈለኝ» የሚል አበዳሪ በዕድሜዬ አላየሁም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ቦታው ሁለተኛ ለወጣው ልጅ ተሰጠ። በልጁ አልፈርድም፤ እሱ ዲግሪው በእጁ ነበር።

ልጄ አሁን በሰፈራችን ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ሒሳብ ታስጠናለች። እኔ ዕቁቤን አስቀድሜ ለምኜ ወስጄ፣ ያልበቃውን ከወንድሜ ተበድሬ፣ ባለፈው ሳምንት ሙሉውን ከፈልኩ። ደረሰኙን ይዤ መስኮታችሁ ላይ ስደርስ «ፈራሚው ሥልጠና ላይ ናቸው» ተባልኩ። መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሥልጠናው ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት አሰጣጥ እንደሆነ ግን በሩ ላይ ተለጥፎ አንብቤያለሁ።

ሲመለሱ ይደውሉልኝ። ስልክ ቁጥሬ በሁለቱም ማመልከቻዎች ግርጌ አለ።

የተመራቂዋ አባት
ከቦሌ አራብሳ