ለወንድም ዓለም፣ ከድሬስደን

ወንድም ዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? እናትህስ ጤናቸው እንዴት ነው? ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ ቀረሁ፤ ይቅር በለኝ። ስልክ ባነሳሁ ቁጥር "ሥራህስ?" ትለኛለህ ብዬ መልሼ አስቀምጠው ነበር። የምነግርህ አልነበረኝም። አሁን አለኝ።

አራት ኪሎ ሳለን "ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈው ለምንድነው?" ብለህ መምህራችንን የጠየቅከው ትዝ ይልሃል? እኔ እስካሁን እዚያው ጥያቄ ላይ ነኝ። በፈረንጆቹ 1977 ሺራካዋ፣ ማክዳያርሚድና ሂገር ፖሊአሴቲሊን የተባለውን ፕላስቲክ ለአዮዲን ትነት አጋልጠው የማስተላለፍ አቅሙን ከሚሊዮን እጥፍ በላይ አሳደጉት። በ2000 ኖቤል ተሸለሙበት። እኔ የምሠራው ፒ3ኤችቲ ከሚባል ፖሊመር ነው፤ ሞለኪውሎቹ ረጃጅም ሰንሰለት የሆኑ ፕላስቲክ በለው። ከፀጉር አንድ ሺህ ጊዜ የሚቀጥን ሽፋን እቀባለሁ፤ የትራንዚስተሩ፣ ማለትም ጅረት የሚከፍተውና የሚዘጋው ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ዋና ክፍል እሱ ነው።

ችግሩ ምን መሰለህ? ሞለኪውሎቹ የሚተኙት ዝብርቅርቅ ብለው ነው። ቻርጁ ሲጓዝ ጉድጓድ ውስጥ እየገባ ይቀራል። ሙቀት ሰንሰለቶቹን ያስተካክላል፣ የቀረውን ማሟሚያም ያባርራል። ጉድጓዱን የሚሞላው ግን ዶፒንግ ነው። ኤፍ4ቲሲኤንኪው የሚባል ሞለኪውል ትንሽ ጣል ታደርጋለህ፤ ዶፓንት የምንለው እሱን ነው። እሱ ከፖሊመሩ ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ ፖሊመሩ ላይ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይቀራል። ያ ቻርጅ ጉድጓዱን ከሞላው፣ ተከታዩ ከላይ ያልፋል።

እኔ ሁለቱን ቀላቅዬ ቀባሁና 150 ዲግሪ ላይ ጣድኩት። ለወራት ምንም ለውጥ የለም። ተስፋ ቆርጬ ነበር ብልህ አላጋነንኩም። አንድ ቀን የዶፓንቱን መጠን በጣም ጨምሬ፣ ማሞቂያው ላይ ጎንበስ ብዬ አየሁት። ዶፒንጉ ወደ ሰማያዊ ያደበዘዘው ሽፋን ቀስ እያለ ወይን ጠጅ ሆነ። ወይን ጠጅ ያልተነካው ፒ3ኤችቲ ቀለም ነው! ዶፓንቱ በሙቀቱ ተንኖ እየሄደብኝ ነበር ማለት ነው።

ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። መጀመሪያ ፖሊመሩን ብቻውን አሞቅኩ። ሲቀዘቅዝ ዶፓንቱን በስሱ ከላይ ጨመርኩ። አሁን በትንሽ ቮልቴጅ ይከፈታል፣ ጅረቱም ጨምሯል። የመጀመሪያውን ልኬት ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ። መጠኑ ከበዛ ግን አይዘጋም፤ ጅረቱን የሚቆጣጠረውን ጫፍ፣ ጌቱን፣ ብታጠፋውም ጅረቱ ያልፋል። ያኔ ሽቦ እንጂ ትራንዚስተር አይባልም።

እስካሁን የሠራሁት መስታወት ላይ ነው። የምመኘው የሚታጠፍ ፕላስቲክ ላይ እንዲሠራ ነው። የለስላሳ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት ደግሞ 80 ዲግሪ ገደማ ላይ መላላት ይጀምራል። ስለዚህ ሙቀቱን ዝቅ፣ ሰዓቱን ረዘም እያደረግኩ እየሞከርኩ ነው።

ግራፎቹን አብሬ ልኬልሃለሁ። ግራፍ ማንበብ አንተ ትበልጠኛለህ። ሦስተኛው ላይ መስመሩ መሀል ላይ ትንሽ አበጥ ይላል፤ ምን እንደሚመስልህ ጻፍልኝ።

ወንድምህ