የቅድመ አያታችንን ዱካ ላገኛችሁልን ሁሉ

ለዘመዶቻችን፣ ለወዳጆቻችንና በዚህ ፍለጋ ከጎናችን ለቆማችሁ በሙሉ፣

ፍለጋው እንዴት እንዳደከመን አብራችሁን ስለደከማችሁ ታውቁታላችሁና አልደግመውም። እ.ኤ.አ. በ1893 መሬት ሊያርስ ከጣልያን ወደ ኤርትራ የመጣው ቅድመ አያታችን ማን እንደነበረ ዛሬ እናውቃለን። እግዚአብሔር ይስጥልን።

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎን፣ መምህር። «ስሜን እንዳታነሺ» ብለው ስላስማሉኝ አልጠራውም። አሥመራ ተወልደው ያደጉ፣ እዚህ አዲስ አበባ ጣልያንኛ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው፣ ማረፍ በሚገባዎት ዕድሜ ለማያውቁት ቤተሰብ ዓይንዎን ሰጡ። በእጃችን የነበረው የአያቴ የክርስትና ወረቀት ብቻ ነበር፤ የአባት ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ስሙን የምናውቀው አያቴ በቃል ስለነገረችን ነው። እርስዎ ግን ከዚያ ስም ተነሥተው የጣልያን ቤተ መዛግብት በኢንተርኔት የከፈቷቸውን የውትድርና ምልመላ መዝገቦች ገጽ በገጽ አገላበጡ። በመነጽርዎ ላይ አጉሊ መነጽር ደርበው የደበዘዘውን የእጅ ጽሕፈት ሲያነቡልኝ ድምፅዎ አሁንም ይሰማኛል። ቁመቱ፣ የፀጉሩ ቀለም፣ ጥርሱ። ሙያ፦ ገበሬ። ማንበብና መጻፍ፦ አይችልም። እዚያ ላይ ስደርስ አለቀስኩ። አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከአባቷ ደብዳቤ ስትጠብቅ ነው የሞተችው።

እውነቱንም አላሳመሩልኝም። «ሕጉ ከልክሎት ነው» ብዬ ላመካኝለት ስሞክር፣ ጣልያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ እንዳይቀበል የከለከለው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1940 እንደሆነ፣ አያቴ በተወለደችበት በ1905 ግን ቢፈልግ በስሙ ሊያስመዘግባት ይችል እንደነበር ቀስ ብለው አስረዱኝ። እስክረጋጋ ድረስም አጠገቤ ዝም ብለው ተቀመጡ። ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት የማጽናኛ ውሸት ይናገር ነበር።

ደግሞም ሁላችንም ያልጠየቅነውን የጠየቁት እርስዎ ነዎት። «አባትየውን አገኛችሁት። እናትየዋስ?» አሉን። ስለ እርሷ በየትኛውም መዝገብ አንድ መስመር አልተጻፈም። የአሥመራ ስልክ በ2010 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ለድሮ ጎረቤቶችዎ እየደወሉ፣ አንዱ ሌላውን እያገናኘዎት፣ የቅድመ አያቴን ስም፣ የአባቷን ስምና በኤርትራ ሰራዬ ውስጥ ያለውን የትውልድ መንደሯን አወጡልን። የምጽዋው ባቡር አሥመራ በገባበት እ.ኤ.አ. በ1911 እርሱ ወደ አገሩ ሲመለስ ልጇን ጠላ እየጠመቀች ብቻዋን እንዳሳደገቻት በእርስዎ አማካይነት ሰማን። የተገኘው ወረቀት ሁሉ ተደምሮ የዚህን ያህል አላስደሰተኝም። መምህር፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። የልጅ ልጆችዎን ለቁም ነገር ያብቃልዎት።

ወንድሜን የተቀበላችሁት በሰራዬ የጎዶፈላሲ አባቶች፣ ለእናንተ ምን ቃል ይበቃል? ቅድመ አያታችን ያረሰው መሬት ጣልያናዊው ባሮን ሊዮፖልዶ ፍራንኬቲ ባወጣው የሰፈራ ዕቅድ ከእናንተ አባቶች ላይ ተወስዶ የተሰጠው ነው። በእነዚያ ዓመታት ከ300,000 ሄክታር በላይ መሬት የጣልያን መንግሥት እንደያዘና ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ እ.ኤ.አ. በ1894 መጨረሻ በጣልያን ላይ ያመፁበት አንዱ ምክንያት ይኸው እንደነበር እናውቃለን። ከዓድዋ በኋላ ብዙዎቹ ሰፋሪዎች ሲሄዱ ቅድመ አያታችን ቀርቶ በባቡር ሐዲድ ሥራ ተቀጠረ። ወንድሜ ይህን ሁሉ በሆዱ ይዞ ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት «መጀመሪያ ቡናህን ጠጣ» አላችሁት። ከዚያም እርሻውን አዙራችሁ አሳያችሁት። ውለታችሁን ልጆቻችን እንዲያውቁት እንነግራቸዋለን።

በሮም የጣልያን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የታሪክ ቤተ መዛግብት ሠራተኞች፣ በቦሎኛ፣ በዋሽንግተንና በጅዳ ያላችሁ የአጎትና የአክስት ልጆች፣ ፎቶግራፍ የላካችሁ፣ ገንዘብ ያዋጣችሁ፣ በጸሎት ያሰባችሁን ሁሉ፣ ክብረት ይስጥልን።

ስማችሁ ያልተጠራ ብዙዎች ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ እንደ መምህር አትጥሩን ብላችኋል፤ ሌሎቻችሁን ደግሞ ልቤ ሞልቶ ስጽፍ ዘልዬ ከሆነ ይቅር በሉኝ፤ ውለታችሁ አልተረሳም።

የሰነዶቹ ቅጂና የመምህር ትርጉም በታላቋ አክስታችን ቤት ይገኛል። የምትፈልጉ ዘመዶች ሁሉ መጥታችሁ ውሰዱ። በአያቴ የሙት ዓመት መታሰቢያ ዕለት ከዚህ በኋላ የእናቷም ስም አብሮ ስለሚነሣ፣ ያን ቀን ከእኛ ጋር እንድትውሉ በአክብሮት እንጠይቃለን።

የልጅ ልጆቿን ሁሉ በመወከል