ለፈንግል አንቲባዮቲክ አትሽጡልን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ጓሮዬ ውስጥ 200 የእንቁላል ዶሮ ነበረኝ። ባለፈው ግንቦት በአምስት ቀን ውስጥ 63ቱን ቀበርኩ።

መጀመሪያ ሁለት ቄቦች አንገታቸው ተጠማዞ፣ አረንጓዴ ኩስ እየጣሉ አገኘኋቸው። መድኃኒት መሸጫ ሮጥኩ። ሻጩ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል የአንቲባዮቲክ ዱቄት አውጥቶ «በውሃ በጥብጠሽ ስጫቸው» አለኝ፤ ምን እንደሆኑ እንኳ አልጠየቀም። በማግስቱ 14 ሞቱ። ሌላ ጨምሬ ገዛሁ። በአራተኛው ቀን የመጣው የእንስሳት ሐኪም አንዷን ሲሚንቶው ላይ ከፈታት፤ ከፈረሰኛዋ በላይ ያለችውን ትንሿን ጨጓራ ገልብጦ ውስጧ ላይ የተረጨውን የደም ነጠብጣብ አሳየኝ። ፈንግል ነው። ፈንግል ደግሞ ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ሐኪሙ ቀጥሎ የጠየቀኝ ስለ እንቁላሉ ነው፤ መድኃኒቱ ወደ እንቁላሉ ያልፋልና። መድኃኒቱን እየሰጠሁ ለጎረቤት ስሸጥ ነበር፤ ልጆች በልተውታል። ከዶሮዎቹ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይህ ነው።

ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የምትማረው ልጄ ስለ ዴንማርክ አሳማ አርቢዎች አጫወተችኝ። እዚያ ያልታመመ አሳማ ቶሎ እንዲፋፋ ተብሎ መኖው ውስጥ አንቲባዮቲክ ይጨመር ነበር። ተህዋሲያኑ መድኃኒቱን እየለመዱት ሲያስቸግሩ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ተውት፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2006 ከለከለው። ጡት የጣሉት ግልገሎች መጀመሪያ ላይ ተቅማጥ አስቸግሯቸዋል። አርቢዎቹ ግን ጡት ማስጣያውን አዘገዩ፣ መኖውን አስተካከሉ፣ አንዱ መንጋ ወጥቶ ጋጣው ሳይታጠብ ሌላ ማስገባት አቆሙ። እኛ አሳማ ባናረባም ነገሩ ያው የኛው ነው።

እኔም አሁን አሮጌው ዙር ሳይወጣና ቤቱ ሳይታጠብ ጫጩት አላስገባም። ጉዝጓዙን በየጠዋቱ በእጄ እጨብጠዋለሁ፤ ከተጣበቀ እርጥብ ነው፣ ይቀየራል። በድሬ ሙቀት ዶሮ ውሃ ላይ ስለምትውል መጠጫው ዙሪያ ቶሎ ይረጥባል፤ እርጥብ ጉዝጓዝ ደግሞ ኮክሲዲያ የሚባለውን የዶሮ አንጀት ጥገኛ ተህዋሲ ይጠራል።

ክትባቱ ግን ለብቻዬ የማልወጣው ነገር ነው። ላሶታ የሚባለው የፈንግል ክትባት የሚመጣው ለብዙ ዶሮ በሚበቃ ብልቃጥ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ ለነገ አይቀመጥም። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃና የድሬ ፀሐይም ይገድሉታል። ስለዚህ አምስት ጎረቤታሞች ተሰባስበን፣ ጎህ ሲቀድ፣ ውሃው ውስጥ ስብ የሌለው የወተት ዱቄት ጨምረን እናጠጣለን። ሰው ያልተሰባሰበለት አርቢ ምን ያድርግ?

ክትባቱ እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። የከተማችን ግብርና ኃላፊዎች በየቀበሌው የታወቀ የክትባት ቀን ይቁረጡልን፤ በረዶ ያለው ሳጥን ይዞ የሚመጣ አንድ ባለሙያ ይበቃናል። አንቲባዮቲክም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥልን። ቀኑ ከመጪው መጋቢት በፊት ቢሆን ጥሩ ነው፤ እኔ 150 ጫጩት አዝዣለሁ።

ዶሮ አርቢ፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ