የጋዜጠኝነት ተማሪ መዝገብ ቤት ይላክ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የመረጃ ነፃነትን የሚደነግገውን አዋጅ ቁጥር 590/2000 የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ለፈተና ያጠኑታል። በአዋጁ ተጠቅሞ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አንድ ሰነድ ያወጣ ተመራቂ ግን እምብዛም አይገኝም። ይህ ያሳዝነናል፤ ለማረም ደግሞ አዲስ ኮርስ እንኳ አያስፈልግም፤ በነባሩ ኮርስ ውስጥ እያንዳንዱ ተማሪ ለአንድ መሥሪያ ቤት የሰነድ ጥያቄ እንዲያስገባ ማድረግ ይበቃል።

አዋጁ ለመልስ የሚሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ሊራዘምም ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው በሴሚስተሩ ሁለተኛ ሳምንት መግባት አለበት። ከአጋማሽ ፈተና በኋላ የገባ ጥያቄ ጊዜው ከተራዘመ መልሱ የሚመጣው ተማሪው ለእረፍት አገሩ ከገባ በኋላ ነው።

አብዛኛው ጥያቄ የሚበላሸው አጻጻፉ ላይ ነው። «ስለ ወረዳው የውኃ አቅርቦት መረጃ ይሰጠን» ተብሎ ሲጻፍ የሚገኘው የሕዝብ ግንኙነት መግለጫ ነው። «ወረዳው በ2016 በጀት ዓመት ያሠራቸው ቦኖዎች ዝርዝር፣ የሚገኙበት ቦታና የክፍያ ሰነዶቻቸው ቅጂ» ቢባል ግን ሠራተኛው የትኛውን ፋይል እንደሚያወጣ ያውቃል፤ ቢከለክልም ምን እንደከለከለ በግልጽ ይታያል። የዩኒቨርሲቲ የትብብር ደብዳቤ እስኪጻፍ መጠበቅም አያሻም፤ አዋጁ መብቱን የሰጠው ለማንኛውም ሰው ነው።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። አንዱ መዝገብ ቤት ይቀራል፤ በተማሪው ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቀንና ቁጥር ይስፈርበት። ያ ማኅተም ከሌለ 30 ቀኑ ከመቼ እንደሚቆጠር ማስረዳት አይቻልም። ለየትኛው ክፍል እንደተመራም እዚያው ይጠየቅ፤ «ተመርቷል» ተብሎ መድረሻው የሚጠፋ ደብዳቤ ብዙ ነው። ክልከላም በጽሑፍ ይሰጠኝ ይበል። በቃል የተነገረ «አይቻልም» ተይዞ ለበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት አስቸጋሪ ነው።

ሰነዱ ከተገኘ ደግሞ ተማሪው ቦኖዎቹ ጋ ይሂድ። ቧንቧውን ከፍቶ ይይ፤ ውኃ በስንት ቀን አንዴ እንደሚመጣ ጀሪካን ይዘው የተሰለፉትን ይጠይቅ። ሰነዱ 12 ብሎ እሱ 9 ቢቆጥር «ተሰረቀ» ብሎ ለመጻፍ አይቸኩል፤ ሦስቱ ገና አልተጠናቀቁ ወይም በሌላ ስም ተመዝግበው ይሆናል። ቁጥሩን ይዞ ተመልሶ መጠየቅ አለበት።

ነጥብ የሚሰጠውም ለተደራጀው ፋይል ይሁን፦ ለደብዳቤው፣ ማኅተም ላረፈበት ቅጂ፣ ለእያንዳንዱ ምልልስ ቀንና ማስታወሻ። ነጥቡ ሰነድ በማግኘት ብቻ ከተወሰነ ተማሪው ቶሎ የሚመልስለትን ቢሮ እየመረጠ ይጠይቃል።

የጋዜጠኝነት መምህራን
ከአዲስ አበባ