ይድረስ ለአባዬ፣ ከጉዋም

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ለመሆኑ ይቺ አገር የማን ናት?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «የአሜሪካ ናት» ብዬ አለፍኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን መልሴ ሲከነክነኝ ዋለ። ጆሮዎም በስልክ እየተቸገረ ስለሆነ፣ በወረቀት ረጋ ብዬ ልመልስልዎ።

መጀመሪያ ቦታዋን ላሳይዎ። ያስተምሩበት የነበረው ካርታ አሁንም ሳሎን ተሰቅሎ የለ? ጣትዎን ጎንደር ላይ ያድርጉ። ትንሽ ወደ ላይ ከፍ ይበሉና ቀጥ ብለው ወደ ምሥራቅ ይሂዱ። ቀይ ባሕርን፣ የመንን፣ ደቡብ ህንድን ያልፋሉ። ባንኮክ አጠገብ ያልፉና ፊሊፒንስን ይሻገራሉ። ከዚያ በኋላ ውሃ ብቻ ነው። እዚያ ውሃ መሃል ናት ጉዋም። ርዝመቷ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ2020 ቆጠራ ሕዝቧ 153,836 ነበር። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልዎ።

ሰሜኑ ጠፍጣፋ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ደቡቡ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ኮረብታ። ትልቁ ተራራ 406 ሜትር ብቻ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ውሃዋ ነው። ዝናቡ በኖራ ድንጋዩ ውስጥ ይሰርግና ከሥር የገባው የባሕር ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ጨው የሌለው ውሃ ይቀላላ። አብዛኛው ሰው የሚጠጣው ያንን ከጉድጓድ እየተሳበ ነው። ከልክ በላይ ከተሳበ ጨዋማው ወደ ላይ ይወጣል። ይህን ስሰማ እርስዎ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲስሉት ታየኝ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ሜሪላንድ እያለሁ ፕሬዚዳንት መርጫለሁ፣ ያስታውሳሉ። ፎቶውን ልኬልዎት ነበር። እዚህ ግን መምረጥ አልችልም። ነገ ጠቅልዬ ጎንደር ብገባ፣ ድምፄን ለሜሪላንድ በፖስታ መላክ እችል ነበር። የአሜሪካ ባንዲራ በሚውለበለብበት ጉዋም ስለኖርኩ ግን አጣሁት። እኔስ መጤ ነኝ፤ ስፈልግ እመለሳለሁ። የአገሩ ልጆች ቻሞሮዎች ግን የተወለዱት እዚሁ ነው።

አሜሪካ ደሴቲቱን ከስፔን የወሰደችው በ1898 ነው። ከዚያ በኋላ የባሕር ኃይል መኮንኖች ገዟት። ቻሞሮዎቹ የአሜሪካ ዜግነት ያገኙት በ1950 ነው፤ አገረ ገዢያቸውን ራሳቸው መምረጥ የጀመሩት በ1970። 15 አባላት ያሉት ምክር ቤት አላቸው። ወደ ዋሽንግተንም አንድ እንደራሴ ይልካሉ። እሱ ግን ይናገራል እንጂ ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ የለውም። በምርጫ ዓመት ለፕሬዚዳንትም ተሰልፈው ድምፅ ይሰጣሉ፣ አባዬ። ለማይቆጠር ድምፅ! ልጆቻቸው ደግሞ በብዛት ወደ አሜሪካ ጦር ይገባሉ። ክፍለ ግዛት እንሁን፣ ነጻ እንውጣ ወይስ ነጻ ሆነን ከአሜሪካ ጋር በውል እንተሳሰር የሚለውን ራሳቸው ይወስኑ ከተባለ ዓመታት አልፈዋል። እስካሁን አልተወሰነም። የተባበሩት መንግሥታትም ራሳቸውን ካላስተዳደሩ ግዛቶች ዝርዝር ውስጥ እንደጻፋት ነው።

ሆስፒታል፣ ዎርዳችን ውስጥ ዘጠና ያለፋቸው አንዲት እናት ተኝተው ነበር። ጃፓኖች ደሴቲቱን ከታኅሣሥ 1941 እስከ 1944 ይዘዋት ነበር። እሳቸው ያኔ ልጅ ነበሩ። መጨረሻ ላይ ሕዝቡ ማኔንጎን ወደሚባል ሰፈር በእግር ሲነዳ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ይደርስ እንደነበር ነገሩኝ። አንድ ቀን የልጅ ልጃቸው ሊጠይቃቸው መጣ። ወታደር ነው፣ ቁመቱ በሩን ይሞላል። አልጋው አጠገብ አጎነበሰና የእጃቸውን ጀርባ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ በቀስታ አሸተተ። «ኞራ» አላቸው። ለእናቶች ኞራ፣ ለአባቶች ኞት ይባላል። እኔ መርፌውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ጉልበትዎን የሳምኩበት ቀን ትዝ አለኝ።

ስለ ኑሮው ከጠየቁኝ፣ እንጀራው የሚመጣው ከጦሩና ከጎብኚው ነው። ጦሩ ከደሴቲቱ ከሩብ በላይ መሬት ይዟል። በ2019 ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ መጥቷል፣ አብዛኛው ከኮሪያና ከጃፓን። ኮሮና ሲመጣ ሆቴሉ ሁሉ ባዶ ቀረ። ምግቡም ከሞላ ጎደል በመርከብ ነው የሚመጣው። ከአሜሪካ ወደብ ተነስቶ ወደዚህ የሚመጣ ጭነት አሜሪካ በተሠራ መርከብ ብቻ ይጓጓዝ የሚል የ1920 ሕግ አለ፤ ሰዉ ለኑሮ ውድነቱ እሱን ያማርራል። ቀይ ሽንኩርት ልገዛ ገብቼ መልሼ ያስቀመጥኩበት ቀን አለ። በርበሬና ጤፉን ጓደኛዬ ከሜሪላንድ በፖስታ ትልክልኛለች፤ ስለዚህ አይስጉ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከጦርነቱ በኋላ ከጭነት ጋር አንድ ዓይነት እባብ ገባ። ዛፍ ላይ የሚወጣ፣ ቡናማ። የጫካዎቹን ወፎች ከነእንቁላላቸው ጨረሳቸው። አብዛኞቹ የአገሩ ወፎች ከደሴቲቱ ጠፍተዋል። ጠዋት ጫካ ዳር ብቆም ነፋሱን ብቻ ነው የምሰማው። ባለፈው እሑድ ስደውልልዎ እዚያ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነበር፣ እዚህ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል። ከጓሮው የወፎቹ ድምፅ በስልኩ ሲገባ ነው ድንገት ዝም ያልኩት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎዎት «ሃሎ፣ ሃሎ» ይሉ ነበር።

በሚመጣው እሑድም በዚያው ሰዓት እደውላለሁ። ስልኩን መስኮቱ ላይ ያስቀምጡልኝና ትንሽ ዝም እንበል። እስከዚያው ካርታው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ ያድርጉልኝ፤ 13 ዲግሪ ከ28 ደቂቃ ሰሜን፣ 144 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ምሥራቅ። ስሟንም በራስዎ እጅ ይጻፉባት።

ጉልበትዎን እስማለሁ።

ልጅዎ