የኮምፒውተር ክበብ ዘገባ፦ መመሪያው ኮዱን ሲያርም

በ2017 የትምህርት ዘመን ክበቡ የያዘው ሥራ የቤተ መጻሕፍታችን የመጽሐፍ ማዋሻ ፕሮግራም ነበር፤ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ፣ መዝገቡን በሲኤስቪ ፋይል (ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ የሚለያዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) የሚያስቀምጥ። መጀመሪያ ግማሹ አባል ኮድ፣ ግማሹ የአጠቃቀም መመሪያ እንዲጽፍ ተከፋፍሎ ነበር። በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ክፍፍሉ ቀረ፤ ኮዱን የለወጠ ተማሪ መመሪያውንም በዚያው ኮሚት (አንድ ላይ በሚመዘገብ ለውጥ) ያርማል።

መመሪያ የሚፈተነው ፕሮግራሙን አይቶ በማያውቅ ተማሪ ነው። ጸሐፊው አጠገቡ ይቀመጣል፣ አይናገርም፣ አንባቢው የተደናገረበትን መስመር ብቻ ይመዘግባል። "ፓይተን ጫን" የሚለው ገና ከመነሻው አስቆመ፦ ዊንዶውስ ላይ ሲጫን ፓይተንን ወደ ፓዝ (ኮምፒውተሩ ፕሮግራሞችን ወደሚፈልግባቸው ቦታዎች ዝርዝር) የሚጨምረው ሳጥን ምልክት ካልተደረገበት ፓይተንን የሚያስነሳው ትእዛዝ አይታወቅም።

ብዙ ያከራከረው ኤክሴል ነው። ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 ኢንኮዲንግ (ፊደላትን በባይት የመወከያ ዘዴ) ተጽፎ ሳለ ሁለቴ ጠቅ ተደርጎ ሲከፈት ስሞቹ አይነበቡም ነበር። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ኤክሴል ፋይሉ መነሻ ላይ መለያ ምልክት ካላገኘ በሌላ ኢንኮዲንግ ያነብና አንዷን "ለ" ሦስት ባዕድ ምልክት ያደርጋታል። መመሪያው መፍትሔውን በደረጃ ዘረዘረ፦ ዳታ፣ ከዚያ ፍሮም ቴክስት፣ ከዚያ 65001 (የዩቲኤፍ-8 መለያ ቁጥር) መምረጥ፣ ከዚያ ሎድ። ወረፋ የቆመበት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ይህን ሁሉ አይከተልም። መመሪያ እንዲህ ሲረዝም ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ የፕሮግራሙ ነው። ኮዱ ውስጥ ኢንኮዲንጉ "ዩቲኤፍ-8-ሲግ" (መለያ ምልክቱን ፋይሉ መነሻ ላይ የሚጽፈው) ተባለና ዝርዝሩ ተሰረዘ። ሲነበብም በዚያው ስም መነበብ አለበት፤ አለዚያ የማይታየው ምልክት ከመጀመሪያው ዓምድ ስም ጋር ተጣብቆ ፕሮግራሙ ዓምዱን ያጣዋል።

የስም ፍለጋውም እንዲሁ። "ስሙን እንደተመዘገበ ጻፍ" ይል ነበር፤ ማን ያስታውሳል? አሁን ፕሮግራሙ ሲፈልግ ሠን ከሰ፣ ዐን ከአ፣ ፀን ከጸ፣ ሐንና ኀን ከሀ ያመሳስላል፤ መዝገቡን ግን አይነካም። ሰባቱን ሆሄያት በየተራቸው ማዛመድ ብቻውን አልበቃም፦ "ኃይሉ" ወደ "ሃይሉ" ይለወጣል እንጂ "ሀይሉ" ብሎ የፈለገ አሁንም አያገኘውም። ስለዚህ በሀ እና በአ ቤት ግዕዙና ራብዑም አንድ ተደረጉ።

መመሪያው አራት ኪሎ ኮፒ ቤት ታትሞ ማዋሻው ጠረጴዛ ላይ ተለጥፏል። ወደ ኮፒ ቤት በፒዲኤፍ መሄድ አለበት፤ በዎርድ ከሄደና ኮፒ ቤቱ ፎንቱ ከሌለው ገጹ ይበታተናል። ለ2018 የተላለፈው የመመለሻ ቀን ስሌት ነው፦ ኮዱ ወሩን ሁሉ 30 ቀን ስለሚቆጥር የ5 ወይም የ6 ቀኗን ጳጉሜን አያውቃትም።