ፊቱ አንድ፣ ጀርባው ሠላሳ

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? ስለጠፋሁብሽ ይቅር በይኝ። ምክንያት ልደርድር ብል ወረቀቱ በዚያው ያልቃል። ደግሞ አንቺም አልደወልሽ፤ እኩል ነን።

እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ ሄጄ ነበር። ጃንሆይ በስደት የኖሩበትን ፌርፊልድ ቤት ልይ ብዬ ወጥቼ ሮያል ክሬሰንት ፊት ቆሜ ቀረሁ። ያ በፎቶኮፒ አይተነው “ቤተ መንግሥት ነው” ብለሽ የተከራከርሽኝ! 30 ቤቶች በግማሽ ጨረቃ ተያይዘዋል። ግራውንዱ ጌጥ የለውም፣ በርና መስኮት ብቻ። ከዚያ በላይ 114 አዮኒክ ዓምዶች (አናታቸው የተጠቀለለው) ሁለት ፎቅ ሙሉ ይዘልቃሉ። ድንጋዩ ማር ይመስላል። ከበሮቹ በቀር አንዱ ቤት የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር የሚነግርሽ የለም።

ከኋላ ስትዞሪ ግን ጉድ ነው! አንዱ ጣሪያ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ። አንዱ ወደ ጓሮ ገፍቶ ወጥቷል። መስኮቶቹ አይገናኙም፣ የውሃ መውረጃው እንደፈለገ ይወርዳል። አርክቴክቱ ጆን ዉድ (ልጅየው፤ አባቱም ስሙ ያው ነው) እ.ኤ.አ. ከ1767 እስከ 1774 ሲያሠራው የወሰነው ፊቱን ነው። ገዢው ከፊቱ የተወሰነ ርዝመት ይገዛና ኋላውን በራሱ አርክቴክት፣ በቤተሰቡ ልክ ያሠራል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደግሞ አንዲት ነዋሪ በሯን ቢጫ ቀባች። የከተማው አስተዳደር ነጭ ይሁን ቢላትም ተሟግታ ረታች።

እና… እንዴት ልበልሽ። የአባዬን ግቢ ታውቂዋለሽ። ለአራት ተካፍለነዋል። ታላቄ መስታወት ይላል፣ እህቴ ሰፊ በረንዳ፣ ትንሹ ገና መሠረት ሳይወጣ አኩርፏል። እናቴ በስልክ ታለቅሳለች። እኔም እንቅልፍ አጥቻለሁ። አራት ቤት ተደርድሮ አራቱም ሲጯጯህ ይታየኛል።

ፊቱን አንድ ሰው ይሣለው። ቁመቱን፣ የመስኮቱን ልክ፣ ድንጋዩን ይወስን። ኋላውን ሁሉም የልቡን ይሥራ። በሩንም የፈለገውን ይቀባ። ያ ሰው አንቺ እንድትሆኚልኝ ነው የምለምንሽ። እኔ ብሥለው “ለራሷ አደላች” ይሉኛል። አንቺን ግን ይሰሙሻል፤ በተለይ ታላቄ፣ ምክንያቱን ሁለታችንም እናውቃለን።

እባክሽ ክረምቱ ሳይገባ ሄደሽ ለኪልኝ። በመንገዱ በኩል ያለውን ብቻ ይበቃኛል። ሌላውን እነሱ ይንገሩሽ፣ ከእናቴ ጀምሪ። የሮያል ክሬሰንትን የኋላ ፎቶ በቴሌግራም እልክልሻለሁ፤ ለትንሹ አሳዪው።

ያንቺው